ሃያ አራት ይላል

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ

የኔ ሚጡ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ፣ እማዬም ደህና ናት» ይባላል። ሁለቱንም ልጽፍልሽ አልቻልኩም፤ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ ብዬ እጀምራለሁ። በስልክ ስንት ጊዜ ልነግርሽ ሞከርኩ፤ አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። አሁን እማዬ ከተኛችበት ክፍል በር ውጪ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ባገኘሁት የመሥሪያ ቤት ወረቀት ጀርባ እየጻፍኩልሽ ነው። ስጨርስ በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። መስመሩ ቢንጋደድ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው።

ባለፈው ሳምንት «ጉንፋን ነው፣ ሥራሽን አታቋርጪ» ያልኩሽ ውሸት ነው። ሁለቱም ሳንባዎቿ ተይዘዋል። ይህ የመጣውም በእድሜዋ አይደለም። በእኔ ነው።

ለእረፍት መጥተሽ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀልሽውን ቴርሞስታት፣ ያንን ማሞቂያውን የሚያዝ ትንሽ ሳጥን፣ መቼም አትረሺውም። የዋሻ ቁፋሮ ኤሌክትሪሺያን ቤት ውስጥ እያለች ማን ይጠራል ብለሽ በአንድ ጠዋት ጨረስሽው። «ከእንግዲህ እማዬ በረደኝ ብትል እኔን ውቀሱኝ» ብለሽ ተኩራራሽ። እሷ ደግሞ ሶፋው ላይ ሁለት ሹራብ ደርባ «እስቲ እናያለን» አለችሽ። መቼም ብርድ ነው ያላለችበት ቀን የለም። በጠራራ ፀሐይ መስኮት ዝጉልኝ የምትል ሴት ናት። አባዬ በሕይወቱ ሳለ «እናታችሁን ያገባኋት በሹራቧ ብዛት ተታልዬ ነው፤ ወፍራም መስላኝ» እያለ ያስቀን አልነበር?

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ ዓርብ፣ ከሥራ ስገባ ቴርሞስታቱ ላይ የባትሪ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለት አዲስ ድንጋይ ገዝቼ ቀየርኩ። መደመሩንና መቀነሱን ሁለት ጊዜ አይቼ ክዳኑን ቀጭ አድርጌ ዘጋሁ። ወዲያው በራ፤ «22» አለ። ጨረስኩ ብዬ እጄን አራገፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ «ልጄ፣ ብርድ ነው» አለችኝ። «ሃያ ሁለት ይላል እኮ» አልኳት። ከሰዓት ደገመችልኝ። ተነሥቼ የመጨመሪያውን ቁልፍ ሁለቴ ተጫንኩ፤ «24» አለ። «ይኸው ጨመርኩልሽ» ስላት «ተባረኪ» ብላ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። እሑድም ያው ነገር። ያኔ ደሜ ፈላ። ጉልበቷን እያመማት፣ እጇን ይዤ ከአልጋ አስነሥቼ ሳጥኑ ፊት አቆምኳት።

«እስቲ አንብቢው። ስንት ይላል?»

«ሃያ አራት።»

«ታዲያ በሃያ አራት ሰው ይበርደዋል?»

«እኔን ይበርደኛል።»

«አመል ነው እማዬ፣ አመል!»

እንዲህ አልኳት። በዚህ አፌ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሃያ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ተቀምጫለሁ። ሹፌሩ ምሎ ተገዝቶ «ትርፍ አልጫንኩም» ይላል፤ እኔ ፊቱን አላይም፣ ቁጥሩን ነው የማየው። ቁጥሩ ያለውን እጽፋለሁ፣ በቃ። የተከበርኩትም በዚህ ነው፤ «እቴጌ ሚዛን» የሚሉኝም በዚህ ነው። እናቴንም ከሹፌሮቹ እንደ አንዱ ቆጠርኳት። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ቁጥሩን አነበብኩባት።

«አንቺስ አልበረደሽም ወይ?» ትይኛለሽ። ቀኑን ሙሉ መስኮቷ በማይዘጋ ጎጆ ውስጥ ውዬ ስገባ ቤቱ ሁሌም ይሞቀኛል። በዚያ ላይ በዚህ እድሜዬ ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴን የሚለበልብ ሙቀት አለብኝ፤ ሴት ነሽና ይገባሻል፣ ትደርሽበታለሽም። ጭራሽ መስኮት ልክፈት ልክፈት ይለኝ ነበር። ሙቅ ውሃ የሚዞርበትን የማሞቂያውን ብረት ደግሞ ማን ይነካል? እሷ ክፍል ያለው ከአልጋው ጀርባ ነው። እኔ የማየው ሳጥኑን ነበር፤ ሳጥኑ ደግሞ ያልኩትን ሁሉ እሺ ይለኛል።

ሰኞ ሙቅ ውሃ የሚሞላበትን ላስቲክ አምጪልኝ አለች። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር፤ ስመለስ አልኳት፣ ስመለስ ረሳሁት። ማክሰኞ ግን ስገባም ስወጣም ስለ ብርድ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «አየሽ፣ ሞቀሽ አይደል?» ስላት ራሷን ነቀነቀችልኝ። ተመስገን አልኩ። ሚጡ፣ እናቴ ዝም ስላለችልኝ ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት ብጠራት አልመለሰችም። ትንፋሿ ከሳሎን ይሰማል። አምቡላንስ ጠራሁ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መጡ። ሴትየዋ ጃኬቷን ሳታወልቅ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች፣ እማዬን አየቻት፣ ከዚያ እጇን በአልጋው ጀርባ ሰዳ ብረቱን ነካች።

«ማሞቂያው ከጠፋ ስንት ቀኑ ነው?»

«አልጠፋም። ሃያ አራት ይላል።»

እጄን ያዘችና ብረቱ ላይ አስቀመጠችው። እንደ ውጪ በር እጀታ ቀዝቅዟል። እማዬን በቃሬዛ ሲያወጧት እንኳ እጄን ከብረቱ አላነሣሁትም ነበር።

የማሞቂያ ሠራተኛው በማግስቱ መጣ። አንዴ ግድግዳውን አይቶ ጠየቀኝ።

«ድንጋዩን ቀይረዋል እንዴ?»

«አዎ።»

«በቃ፣ ተረሳስተዋል። ይሄ ሳጥንና ወጥ ቤት ያለው ማሞቂያ የሚነጋገሩት ያለ ሽቦ ነው። አንዳንዱ ድንጋዩ ሲወጣ ማሞቂያውን ይረሳዋል። እንደገና ማስተዋወቅ ነው።»

«ሃያ አራት ይል ነበር እኮ!»

«እሱማ እርስዎ የጠየቁት ነው እንጂ ቤቱ ውስጥ ያለው አይደለም። ማሞቂያው ሲነሣ ከቁጥሩ አጠገብ የእሳት ምልክት ይወጣል። ወጥቶ ነበር?»

አልወጣም ነበር። አንቺም ስትሰቅይው «በቁጥሩ አትተማመኚ፣ እሳቷን ፈልጊ» ብለሽኝ ነበር፤ ያኔ ትዝ አለኝ። ሰውየው ወጥ ቤት ገብቶ ከማሞቂያው ጎን ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ትንሽ ቆየ፤ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች፣ ማሞቂያው ፉ ብሎ ተነሣ። «ይቺው ናት» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ። ከባድ ብልሽት ቢሆን ኖሮ ትንሽ በተጽናናሁ ነበር።

አሁን ቤቱ ይሞቃል፤ ሰው ግን የለበትም። ልብሷን ልወስድ ስሄድ ሙቀቱ በር ላይ ይቀበለኛል። እስክወጣ አጠፋዋለሁ። እኔ እዚያ ሙቀት ውስጥ የምቀመጥበት ፊት የለኝም።

ያን ሰሞን ደውለሽ «ልምጣ ወይ?» ስትይኝ «ምን ያስመጣሻል» ያልኩሽ ለሥራሽ አዝኜ እንዳይመስልሽ። ብትመጪ ገና ጫማሽን ሳታወልቂ ያንን ሳጥን እንደምታዪው፣ «ማን ነካካው?» እንደምትይ ስለማውቅ ነው። እናቴ እዚህ ትንፋሽ አጥሯት እኔ የታናሽ እህቴን ዓይን ፈራሁ። ከዚህ በላይ ምን ልንገርሽ?

እሑድ ነቃ ስትል ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ማክሰኞ ለምን ዝም አልሽኝ? በርዶሽ አልነበር?»

«በርዶኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ደክሞሽ ገባሽ። ደግሞ እኔ ልጨቅጭቅሽ?» ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆየችና «ለዚያች ልጅ ዕቃው ተበላሸ እንዳትያት። ስንት ለፍታ የሰቀለችው ነው፤ ይከፋታል» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብትረግመኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ራስጌዋ የትንፋሿን ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ አለ። ነርሷ «ዛሬ ትንሽ ከፍ ብሏል» ስትለኝ ጀርባዬን ሰጥቼው የእማዬን ከንፈር ነው የማየው። ከንፈሯ ጠቁሯል። ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ ወደ ውጪ ጠራኝ። «ልጆቻቸው ሁላችሁም ቅርብ ናችሁ?» አለኝ። አንዷ ሩቅ ናት አልኩት። «ይጥሯት» አለ። መቼ ትድረስ ስለው የእጅ ሰዓቱን አየ።

ስለዚህ ተነሺ ሚጡ። መንገዱ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያን ሁሉ ቀን ያስበላሁሽ። ይቅር በይኝ ብዬ አላስቸግርሽም፤ ይቅርታ የሚጠይቅ አፍም የለኝ። ስትደርሺ ካሻሽ አታናግሪኝ፤ ወንበሩን ለቅቄልሽ እወጣለሁ። ብቻ የምትሳፈሪበት ሁሉ በሰዓቱ ይነሣልሽ፣ እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልሽ፣ እኔን የያዘኝ ጸጸት ወደ አንቺ ዝር አይበል።

ከትናንት ጀምሮ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ነርስ ሲሆን ትመልሰዋለች፤ እኔም ስሆን ትመልሰዋለች። ቅድም «ታናሽሽስ?» አለችኝ። «መንገድ ላይ ናት» አልኳት። «እንግዲያው ፀጉሬን አበጥሪኝ» አለች። አበጠርኳት፤ ትራሷንም ከፍ አደረግሁላት። አሁን በሩን እያየች እየጠበቀችሽ ነው፤ አንቺ ግን መታመሟን እንኳ በቅጡ አልሰማሽም።

ታላቅ እህትሽ