ታጥቦ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ለታናሽ ወንድሜ ለማሙሽ፣

እንደምን ከረምክ? ሚስትህስ፣ ልጆችህስ? ያ የማይለቅህ የወገብ ሕመምስ እንደምን አደረገህ? ብርዱ ገብቷል ብለህ ነበር፤ ደረትህን ሸፈን አድርገህ ውጣ። እንደ ንዴቴ ቢሆን ሰላምታ ባልቀደመ ነበር፤ ግን እማዬ ያሳደገችን ሰላምታ ዘለን ነገር እንድንጀምር አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር ለሚቆም ሰው ያ ወግ ነው። የእማዬን ጤና አሁን አትጠይቀኝ፤ ወደዚያው እየመጣሁልህ ነው።

የላክኸውን ድምፅ ሰማሁት። አንዴ ቆሜ ሰማሁት፣ አላምን ብዬ ደግሞ ተቀምጬ ሰማሁት። የአክስታችን ልጅ የላከችልህን የእማዬን ፎቶ አይተህ፣ ጉንጯ ገብቶ፣ የአንገቷ አጥንት ወጥቶ፣ ደምህ ፈላ። ይሁን፣ ልጅ ነህ፣ ይፍላ። ለጥቀህ ግን ምን አልክ? «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ነሽ፤ በእናቴ ቤት የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ታበያለሽ፣ እናቴን በረሃብ ትገድያለሽ፤ ያንን ማድቤት ዛሬውኑ ዝጊ» አልከኝ። «እናቴ» ስትል፣ ለእኔ ለካ የእንጀራ እናት ኖራለች። አንጀቴን አሳረርከው። በስልክ ልክህን ልነግርህ ነበር፤ ግን ቤቱን ታውቀዋለህ፣ በክፍሎቹ መሀል ያለው ሣንቃ ነው፤ እማዬ ደግሞ ዓይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋ ምንም አያመልጠውም። ስለዚህ ጻፍኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ።

ማድቤቱን የከፈትኩት ጽድቅ ፍለጋ አይደለም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ሁለት እግሮቹን ያጣው፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዳቦና በሻይ ሲኖር አየሁ። ሰውየው ማብሰል አያቅተውም፤ ተሽከርካሪ ወንበሩ በወጥ ቤቱ በር አይገባም፣ ቢገባም ምድጃው ከአገጩ በላይ ነው። ምሳ ወሰድኩለት። ከእሱ ማዶ ያለችው የድሮዋ ቴሌፎኒስት፣ ዓይኗን ያጣችው፣ ሽታው ደርሷት «ለእኔስ?» አለች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ደግሞ ሌላው። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ ሰምታ መጣችና ሆድ መሙላትና ሰውነት መጠገን ለየቅል ናቸው ብላ ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ፤ ለማን ጨው እንደሚቀነስ፣ ማን ስኳር እንደማይነካ፣ ያረጀ ሰው ጡንቻ እንዳይሟሽሽ እንቁላልና ዓሣ ከምሳው እንዳይጠፋ።

መጀመሪያ ላይ ጅል ነበርኩ። ያረጀ ሁሉ ጥርስ የለውም ብዬ የሁሉንም ምግብ ፈጭቼ ላክሁ። ልብስ ሰፊው ምሳ ዕቃውን ሳይነካው መለሰልኝ፤ የጎደለኝ እግር ነው እንጂ ጥርስ አይደለም ብሎ። አሁን እንደየሰዉ ነው የማበስለው። ለቴሌፎኒስቷ ክዳኑን ስከፍት «እንቁላሉ ከፊትሽ፣ ዓሣው በቀኝሽ፣ ድንቹ በግራሽ» እላታለሁ። አንድ ቀን ተሳስቼ ባቀያይርባት፣ እሷ ዕድሜ ልኳን መስመር አሳስታ እንደማታውቅ ነግራኝ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ።

አንድ ደንብ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃ እሰበስባለሁ። የተረፈ ካገኘሁ ለምን እንደተረፈ እጠይቃለሁ፤ ባዶውን ከመጣ በልቷል ብዬ አልፋለሁ። የእማዬ ሁልጊዜ ባዶ ነው፣ ያውም ታጥቦ። በምሳ ሰዓት እኔ በየቤቱ ሳድል ነው የምውለው፤ አብሬሽ ልብላ ብዬ ልቀመጥ ስል «ሂጂ፣ ሰው አታስርቢ፤ እኔ ቀስ ብዬ እበላለሁ» ትለኛለች። ስመለስ ምሳ ዕቃው ተደፍቶ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ አገኘዋለሁ። እሰይ፣ በላችልኝ እል ነበር።

ነርሷ የማበላቸውን ሁሉ በሚዛን መዝና ስትጨርስ ጉድ ፈላ። ልብስ ሰፊው ሸሚዙ ጠቦት ሊያሰፋው ነው፤ ቴሌፎኒስቷ ያለ ምርኩዝ መነሳት ጀምራለች። እማዬ ብቻ ቀንሳ ተገኘች። ነርሷ ሚዛኑን ተጠራጥራ ራሷ ወጣችበት፤ ሚዛኑ ደህና ነው። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። አንተ አሁን የምታየኝን አስተያየት ማለት ነው። ደሟ ተመረመረ፣ ሆዷ ታየ፣ ምንም የለባትም። ሰፈሩም አፉን ከፈተ፤ የሰው እናት እያደለበች የራሷን ታከሳለች ተባልኩ። እና ስድብህ ለእኔ አዲስ እንዳይመስልህ፣ ቀድመውሃል።

ነገሩን የገለጠልኝ፣ አትሳቅ፣ የጎረቤት ውሻ ነው። ያ ጎድኑ ይቆጠር የነበረ ውሻ ሆዱ መሬት ሊነካ ደርሶ፣ ወደ ማምሻው ከእማዬ መስኮት ሥር አልነሳ አለ። ነገሩ ከነከነኝና አንድ ቀን እደላውን ለአክስታችን ልጅ ሰጥቼ ቀደም ብዬ ገባሁ። እማዬ ከአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጣ ዓሣውንና እንቁላሉን በጣቷ እየዳበሰች ከምሳ ዕቃው ወደ ሌላ ሳህን ታወጣለች። ለራሷ ድንቹንና ሾርባውን ብቻ አስቀርታለች። ሳህኑን ከድና ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ያንተ ኮት ከተሰቀለበት ሥር አስቀመጠችው። የላክኸው ቫይታሚንም እዚያው ከነማሸጊያው ቆሟል። መሽቶ ሰው ሳይመጣ ሲቀር ሳህኑ ለውሻው ይገለበጣል፤ በነጋታው ደግሞ አዲስ ይቀመጣል።

ለማን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ቅንጣት አልደነገጠችም።

«አንቺ ለሰፈሩ ሁሉ ታበስያለሽ። እሱ ከመንገድ ደክሞት ሲገባ ምን ላበላው ነው?» አለችኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን ከመዝጋትህ በፊት የምትላትን ታውቀዋለህ? «በቅርቡ እመጣለሁ፣ አንቺ ብቻ ጠብቂኝ» ነው የምትላት። ላንተ ይህ ስልክ መዝጊያ ነው። እሷ ግን ልጇ ጠብቂኝ ስላላት ትጠብቃለች። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉት ነገር ነው፤ ያውም ላሟ ከሰማይ ሆና የምሳዋን ግማሽ ትበላባታለች። እንግዲህ እማዬን ማን እንደሚያስርባት አንተው ፍረድ።

ያላደረግኩት ነገር የለም። እጥፍ ሰጠኋት፤ እጥፍ አስቀመጠችልህ። ፊቷ ቁጭ ብዬ አበላኋት፤ በመሐረብ ጠቅልላ ደበቀች። መጨረሻ ላይ ተናድጄ አይመጣም፣ ቢመጣ ኖሮ እስከ ዛሬ ይመጣ ነበር አልኳት። «ምቀኛ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከእጄ ውሃ እንኳ በግድ ነው የምትቀበለው። ነርሷ እንዲህ ከቀጠለች ይህን ብርድ አትወጣውም ብላኛለች። ማሙሽ፣ ፈርቻለሁ። በአንተም በእሷም በጣም ተናድጃለሁ፣ ግን ከሁሉ ፍርሃቱ ይብሳል።

ማድቤቱን አልዘጋም፤ ቁርጥህን እወቅ። ብዘጋው እነ ልብስ ሰፊው ወደ ዳቦና ሻይ ይመለሳሉ እንጂ እማዬ አንዲት ጉርሻ አትጨምርም። የሚሆንልህ ከሆነ ና። ካልሆነልህ ደግሞ ቅዳሜ ስትደውል «አልመጣም፤ የእኔንም ድርሻ አንቺው ብዪው» በላት። ታለቅሳለች፣ ታኮርፍሃለች። አንድ ጊዜ እንኳ አንተ ክፉ ሁንላት፤ ክፉነቱን እኔ ብቻዬን ተሸክሜ ሰለቸኝ። አንተ ካፍህ ካላወጣኸው ከማንም አትሰማም።

ለሚስትህ ሰላም በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤም አስነብባት፣ እሷ ልብ አላት። ትልቋን ልጅህን እቅፍ፣ የትንሹን ጉንጭ ሳም አድርግልኝ። ለአማትህም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ አብረዋችሁ መኖር ከጀመሩ ወዲህ ተመችቷቸዋል ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የአክስታችን ልጅ ሰላም ብላሃለች፤ ፎቶውን በመላኳ አልተቀየምኳትም። ልብስ ሰፊውም ስድብህን ሲሰማ፣ ይምጣና የአንገቱን ልክ ልውሰድለት ብሏል።

እማዬ እስክሪብቶው ሲጭር ከማዶ ሰምታ «ለማሙሽ ነው?» አለችኝ፤ ካኮረፈችኝ ወዲህ ቀድማ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። አዎ አልኳት፤ ምን ልጻፍልሽ አልኳት። «ሽንኩርት አሁንም አይወድ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ በጣቴ እየለቀምኩ ነው የማወጣለት» አለች። ይኸው ጠይቄሃለሁ። መልሱን ለእሷ ንገራት።

እህትህ
ከቤት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን