አባዬ የነገረን ፊልም

አባዬ፣

ሙት ዓመትህ አልፎ ሌላ ክረምት ገባብን። ቤቱ እንደ ተውከው ነው ብልህ እዋሻለሁ። የጓዳው ግድግዳ በዝናብ ተሸርሽሮ አዲስ ጭቃ ተለስኖበታል። ፊልም የምታሳየንን ነጩን ግድግዳ ግን እማዬ ምስማር እንኳ አታስመታበትም። እኔ መምህርት ሆኜ መርሳ ተመድቤአለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወልድያ እመጣለሁ።

የምትነዳለት ፈረንጅ ሐኪም አገሩ ሲገባ ያንን የፊልም ማሳያ ማሽንና ጥቂት አሮጌ ፊልሞች የሰጠህ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ድምፅ አልነበራቸውም። ሰዎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል፣ አንተም ቆመህ ለጎረቤቱ ሁሉ በአማርኛ ትናገራለህ። እማዬ የምትወደው የባለ ወፍጮውን ልጅ ታሪክ ነበር። አንድ የሸበተ ሀብታም ሊያገባት ሽማግሌ ይልካል። አባቷ «ልጄ ገና ናት» ብሎ ይመልሳቸዋል። ልጅቱ ታለቅሳለች፤ አንተም «የደስታ እንባ ነው» ትለን ነበር።

ዘንድሮ ለዳግማይ ትንሣኤ ቤት መጥቼ ሳለሁ ወንድምህ አያ ይመርም መጡ። አንድ የሐራ ከተማ ነጋዴ እህቴን የሺን ለማግባት ጠይቆ፣ እሳቸው ነገሩን ይዘውት ነበር። የሺ ገና ሰባተኛ ክፍል ነበረች። እማዬ ያላንተ እምቢ ማለት ፈርታ፣ እሺም ማለት አቅቷት ከረመች። ያን ምሽት ወሬው እንዲቀየርላት ነው መሰለኝ፣ «እስቲ ያባትሽን ፊልም አሳዪን» አለችኝ።

መብራት ሲመጣ ማሽኑን አስነሣሁት። ለዛሬ ሰው ዓይን ያስቃል፤ ሰዎቹ እንደ ተባረረ ዶሮ ይሮጣሉ፣ ፊታቸው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። እኔና የሺ ሳቅን። ጽሑፉ ሲመጣ ግን ሳቄ ተቋረጠ። አሁን እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ አባዬ። አባትየው «ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ነገ ትሄጃለሽ» ነው የሚላት። ልጅቱ የምታለቅሰው ስለዳሯት ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ ይጨፍራል፤ ፊልሙም እንደ መልካም ነገር አድርጎ ያበቃል።

«ምን አላት?» አለችኝ እማዬ።

የተጻፈውን ነገርኳት።

ማሽኑ ባዶውን ሲሽከረከር ቆየ። «አባትሽ ታዲያ ያንን ከየት አመጣው?»

«ከራሱ ነዋ፣ እማዬ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወደ አያ ይመር ዞረች። «አያ ይመር፣ የሺ ትምህርቷን ትጨርሳለች። ሰዎቹን አይድከሙ ይበሉልኝ። ከከበደዎት እኔ ራሴ እሄዳለሁ።» እሳቸው ቆባቸውን አንሥተው፣ ደህና እደሩም ሳይሉን ወጡ። የሺ ሮጣ ሄዳ እማዬ ጉልበት ላይ ተደፋች።

አያ ይመር እስከ ዛሬ ደጃችንን አልረገጡም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስታገኛቸው ቀድማ ሰላም ትላቸዋለች፤ በአንገታቸው ብቻ ይመልሱላታል። ይህ ያሳዝናታል፤ አንተንም እንደሚያሳዝንህ አውቃለሁ። ግን ያለችውን አላጠፈችም። የሺ በሰኔ ወደ ስምንተኛ አልፋለች።

አባዬ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ አለመቻልህን ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር። ፊልሙም አርጅቶ በየቦታው ይበጠሳል፤ ብዙ አይቆይም። ነገ ስወልድ ለልጆቼ፣ ለተማሪዎቼም ሳወራ የተጻፈውን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ አንተ ያልከውን እነግራቸዋለሁ፤ «ልጄ ገና ናት» ያለው አባቴ ነው እላለሁ።

ልጅህ