ለጨዋታ ቀን ብቻ የተቀመጠ ታኬታ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

አንድ ጊዜ የደበዘዘ ተጫዋች ተመልሶ ያበራል? ከትምህርት ቤታችን ሁሉ የፋብሪካው ቡድን አስቀድሞ የመረጠው ጀማልን ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት ከተጠባባቂነት አልወጣም። የፊታችን እሑድ በሚሰጡት ጨዋታ ካልሆነለት ያሰናብቱታል።

ዛሬ ከቢሮ ስወጣ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት አገኘሁት። በባዶ እግሩ ሦስት ሰው አታሎ ሲያልፍ የድሮውን ጀማል አየሁ።

«አንተ፣ ጨዋታህ አለ አይደል እንዴ!»

«በባዶ እግር ነዋ! ታኬታ ሳደርግ ኳሷ እግሬ ላይ አትታወቀኝም፣ ወላሂ።»

«ልምምድ ላይስ?»

አፈረ። ለካ እንዳያልቅበት ብሎ ለጨዋታ ቀን ብቻ ነው የሚያደርገው! ሣቅሁ፤ ግን ተስፋ አደረብኝ።

«እስከ እሑድ እንዳታወልቀው» አልኩት።

«ምሁሩ፣ ማውራት ቀላል ነው! እስቲ ነገ ማለዳ በዚያች የቢሮ ጫማህ ናና ግጠመኝ!»