ቀሚስሽን ለብሳ ያየኋት ልጅ

ወልድያ፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትሽን አልጎዳውም? ታናሽ እህቴ ትንሳኤስ መድኃኒቷን በደንብ ትውጣለች ወይስ እዚህ እንደለመደችው ትራሷ ሥር እየደበቀች ታስቸግርሻለች? ሐኪሙ ክትትሏ እስኪያልቅ እንዳትንቀሳቀሱ ማለቱን አክስቴ ነግራኛለች። እግዚአብሔር ይማርልን። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ቆመው ይሄዳሉ፣ ከቤተ ክርስቲያንም አልቀሩም። የተሰበረውን በር አሠርተናል። ስልኩ መሥራት ጀምሯል፤ ያልደወልኩልሽ ድምፄ ስለተዘጋ ነው። ደግሞም የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚያልቅ አይደለም። መነጽርሽን አድርገሽ፣ አረፍ ብለሽ፣ ራስሽ አንብቢው። ለትንሳኤ አትስጫት።

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ነው። ያን ሁሉ ወራት በፍርሃት ተቆልፈን ከርመን፣ ያን ያህል ሕዝብ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ግን ወጣ። ልብሱ ያልተዘረፈበት ሰው ጥቂት ስለነበር ግማሹ ከተማ የተዋሰውን ነው ለብሶ የወጣው። ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ከላይ ነጭ በነጭ ሆነው ከታች የሥራ ቱታቸውን ለብሰው ነበር። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ቅቤ ስለጠፋ በቫዝሊን አስውበውት፣ አስፋልቱን ሞልተው ይጨፍራሉ። አባባ ከካህናቱ ጋር ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ አየኋቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሆዴ ደስ አለው።

ባሕረ ጥምቀቱ አጠገብ ስደርስ ቀሚስሽን አየሁት።

ከሳጥንሽ ጋር ተዘረፈ ብዬ ያለቀስኩለትን፣ ለሰርግሽ ራስሽ የጠለፍሽውን ቀሚስ፣ አንዲት የማላውቃት ልጅ ለብሳ ቆማለች። በመጀመሪያ የሚመሳሰል ነው ብዬ አለፍኩ። ልቤ እምቢ አለኝና ተመልሼ የታችኛውን ጥልፍ ሳይ፣ ቀይ ክር ሲያልቅብሽ በብርቱካንማ የጨረስሽው ጥግ እዚያው ነበር። ክው አልኩ። ልጅቱ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ ሸፍናለች። ቀሚሱ ሆዷ ላይ ተወጥሯል። ታቦቱን አታይም፤ የምታየው የሚያልፉትን ወጣት ወንዶች ፊት ነው፣ አንድ በአንድ።

ክንዷን ይዤ ይህን ቀሚስ ከየት አመጣሽው አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። እሷ ግን ትኩር ብላ አየችኝና፣ «ማህሌት ነሽ አይደል?» አለችኝ። «እማማ ናቸው ያለበሱኝ።»

የማን እናት ናቸው ብዬ ጠየቅኳት።

«የዮናስ» አለች፤ ስሙን ስትጠራ ድምፏ ዝቅ አለ።

እማ፣ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አላውቅም። በከተማው ተኩስ ሲከፈት እንኳ እግሬ ሮጦ ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ እንጨት ደርቄ ቀረሁ። ጨው ሲያልቅ እንኳ ለእኔ ሳትነግሪ የማትውዪ እናቴ፣ ወንድሜን ድረሽ ደብቀሽኛል! ልጅቱ ስሟ ቡርቱካን ነው፤ ሁሉንም ነገረችኝ። በሐምሌ፣ ዶሮ ግዢ ብለሽ ሐራ ገበያ የላክሽኝ ቀን፣ አንቺና የእሷ እናት ቤታችን ተቀምጣችሁ እሷንና ዮናስን ቃል አስገባችኋቸው። ያን ድፎ ዳቦ ለምን እንደጋገርሽ ስጠይቅሽ የመድኃኔዓለም ጽዋ ነው ብለሽኝ ነበር፤ እኔም የተረፈውን እያመሰገንኩ ነው የበላሁት። አባባ የሙስሊም ልጅ አላስገባም እንዳይሉ፣ አባቷም ለክርስቲያን አልድርም እንዳይሉ፣ ሁለት እናቶች መክራችሁ ጨረሳችሁት። ቀሚሱንም ያኔ አለበስሻት። ከዚያ ዮናስ ዘመተ፣ አንቺ ትንሳኤን ይዘሽ ወጣሽ፣ መንገዱም ተዘጋ።

ለምን ወንዶቹን እያየሽ ትቆሚያለሽ አልኳት። ዮናስ ሲለያት፣ የትም ብሆን ለጥምቀት ወልድያ እገኛለሁ፣ ቀሚሱን ልበሺና ከሩቅ ልይሽ ብሏት ነበር። ለዚህ ስትል ከመርሳ ብቻዋን መጣች። ታቦቱ ገብቶ ሜዳው ባዶ እስኪሆን አብሬያት ቆምኩ። ከዚያ ይዣት ቤት ገባሁ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

አባባ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበርና ቀሚሱን ሲያዩ አንቺ የመጣሽ መስሏቸው ስምሽን ጠሩ። ዞር ስትል መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። እኔ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ የማን ልጅ እንደሆነች ብቻ ጠየቁ። የመርሳው የአብዱልሐሊም ልጅ መሆኗን ስትነግራቸው አወቋቸው፤ ለካ በየዓመቱ ለቤታችን ብርቱካን የሚገዙት ከእሳቸው የመስኖ እርሻ ነው። ከዚያ ልጁ ስለ ሆዷ ያውቅ እንደሆነ ጠየቋት። አያውቅም አለች። አባባ እራት እንድሰጣት አዘዙኝ።

በነጋታው ሽማግሌዎች ይዘው መርሳ ወረዱ። ተከትያቸው ሄድኩ። ጋሽ አብዱልሐሊም ሆዷ መታየት ከጀመረ ወዲህ ልጃቸውን አነጋግረዋት አያውቁም ነበር። አባባን በር ላይ ሲያዩ ግቡ አላሉም። እሷ ላይ ከተቆጡት ይልቅ ነገሩ ያለ አባት ፈቃድ በመደረጉ ነው የተቃጠሉት። ሰፈሩ ልጃቸውን በምን ዓይን እንደሚያያት፣ የሚወለደውንም ምን ብሎ እንደሚጠራው ተናገሩ። አባባ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ጋሽ አብዱልሐሊም ቶሎ ብለው ያዟቸው። ሁለቱም ተያይዘው ጥቂት ቆሙ። በመጨረሻ፣ «ልጄ በወግ የተዳረች መሆኗን መርሳ ሁሉ በዓይኑ ማየት አለበት» አሉ። ሙሽራው ከዘመተበት እስኪመለስ እንጠብቅ ያለም ነበር፤ ሆዷ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ሙሽራው በሌለበት ሰርግ እንዲደገስ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ሰርግ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

እንዳማረ ብታዪ! ዳሱ የተጣለው በእርሻቸው የብርቱካን ዛፎች መሃል ነው፤ ፍሬው በተቀማጩ ራስ ላይ ተንጠልጥሏል። ያልተዘረፈ ድስት ያለው ድስቱን፣ ጤፍ የተረፈው ጤፉን ይዞ መጣ። ለእኛ በእኛ፣ ለእነሱ በእነሱ ታረደ፤ ወጡ ግን ጎን ለጎን ነው የተሠራው። ለእኛ ጠላ፣ ለእነሱ የማያሰክረው ቄሪቦ ተጠመቀ። ከግራና ከተማ የመጡ ሴቶች ሽንኩርት ሲከትፉ ጦርነቱን ሲረግሙ፣ ሽንኩርቱን ሲረግሙ፣ ሳቅም መጣ። ቡርቱካን ቀሚስሽን ለብሳ፣ እጇን ሂና ተቀብታ ተቀመጠች። ሆዷ ላይ እኔ ነኝ ያሰፋሁላት፤ ጥልፉን አልነካሁትም። አጠገቧ ለዮናስ ወንበር አደረግን። የውርጌሳዋ ፋንቱ ድቤዋን አንስታ በአምባሰል እንዲህ አለች፦

ሙሽሪት ብቻዋን ምን ያሳስባታል፣
የጀግና ወንበሩን ማን ይደፍርበታል።

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ጋሽ አብዱልሐሊም ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ያኔ ሳሙኤል ከበሩ ገባ።

ሳሙኤልን ታውቂዋለሽ፣ ከዮናስ ጋር አብሮ የዘመተው የጎረቤታችን ልጅ ነው። አንድ እጁ በጨርቅ ታስሯል። ቤት ሄዶ ሲያጣን መርሳ ናቸው ብለውት ነው የመጣው። ሰዉ ሲያየው ሙሽራው ከኋላው ያለ መስሎት እልልታውን አቀለጠው። ቡርቱካን ተነሳች። እኔ ትሪ እንደያዝኩ በሩን አየሁ። ከሳሙኤል ኋላ ማንም አልገባም። እሱ ደግሞ ሙሽራዋን ቀና ብሎ አላያትም፤ ቀጥታ ወደ አባባ ሄደ። ተያይዘው የብርቱካን ዛፎቹ ውስጥ ገቡ። ፋንቱ ድቤዋን ቀስ በቀስ አላላች፣ ከዚያ ጭራሽ መምታቱን ተወች። 

አባባ ሲመለሱ ያን ፊት አላውቀውም። ቡርቱካንን አዩ፣ ሆዷን አዩ፣ የተሰበሰበውን ሰው አዩ። ከዚያ፣ «ሳሙኤል ከልጄ ሰላምታ ይዞ መጥቷል፤ ሰርጉ ይቀጥል» አሉ። ይህን ብለው ድቤውን ከፋንቱ እጅ ተቀበሉ። እማ፣ በሰርግ ቤት ዘፈን ሲነሳ ወጥተው የሚሄዱት አባባ፣ ድቤ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መምታት ጀመሩ። ሰዉ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ተቀበላቸው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አላቆሙም። ጋሽ አብዱልሐሊም ምን እንደገባቸው እንጃ፣ መጥተው አጠገባቸው ቆሙ፤ ልቀበልዎት ቢሏቸው እምቢ አሉ። የእጃቸው ቆዳ ተልጦ ነበር። እኔ ለሳሙኤል ምግብ ይዤለት ሄድኩ፤ አልቀመሰም። ምንም አልጠየቅኩትም። ትሪውን ተሸክሜ ተመለስኩና እልል አልኩ። መርሳ ሁሉ ቡርቱካንን ሙሽራ ሆና አያት።

አሁን እኛ ጋ ናት። አባቷ ራሳቸው አምጥተው ነው ያስረከቡን፤ ሲሄዱ ግንባሯን ስመዋት ነበር። ቀሚሱን አጣጥፋ አስቀምጣለች። እህል አልበላ ብሏት ነበር፤ ትናንት ግን ስለ ልጁ ብላ ትንሽ ቀማመሰች። እኔ ከጎኗ ነው የምተኛው።

እማ፣ አጎቴ ካሳሁን ከዚህ ደብዳቤ ቀጥሎ ወደ አንቺ ይመጣል። ብቻውን አይደለም፤ ቄሱና ሌሎችም ሽማግሌዎች አሉ፣ ማልደው ነው የሚደርሱት። ለአክስቴም አስነግሬያታለሁ፣ ከአጠገብሽ አትለይም። እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ሰርጉ እንዲደርስሽ ፈለግሁ። የልጅሽ ሰርግ ነውና ይህን ስታነቢ ከብርቱካኑ ሥር ተቀመጪ፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ ከእኛ ጋር እልል በዪ። ሌላውን ሲመጡ ከአፋቸው ትሰሚያለሽ።

የምትወልደው በመጋቢት መጨረሻ ነው ይላሉ። ሴት ከሆነች አንቺ ስም ታወጪላታለሽ። ወንድ ከሆነ ግን ዮናስ እንለዋለን። ስሙን ያወጣችው ቡርቱካን ናት፤ አባባም እሺ ብለዋል።

መድኃኔዓለም ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ትንሳኤን ምራልኝ ብዬ ጧት ማታ እለምነዋለሁ። በመንገድሽ ይቅደምልሽ፣ በሰላም አምጥቶ ከደጃችን ያድርስሽ።

ታላቋ ልጅሽ