በእኔ እጅ የሠለጠኑ ሃያ ስድስት መምህራን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ወልደአማኑኤል መሳይ፣
የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊና የሳይንስ መምህራን የክረምት ሥልጠና አስተባባሪ፣
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን ያምዎት እንደነበር አውቃለሁና የሶደሬ ፍል ውኃ እንዲበጅዎ፣ የከተማችን ሙቀትና አቧራም እንዳይጎዳዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለት ግን ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ስለሚያነበው ማን እንደሆንኩ ልናገር። እኔ ዘመናይ አብተው፣ እርስዎ በሚመሩት የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወለል የወለወልኩ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የኮሌጁን ስም የማልጠራው ተማሪዎቹ እንዳያፍሩ ብዬ ነው፤ እኔና እርስዎ ብናፍር ይበቃል። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ በማታው የጎልማሶች ትምህርት ነው። ያስተማረችኝ ዋፊቃ የምትባል የልጄ እኩያ ስትሆን፣ «እትዬ ዘመናይ፣ እርሳሱን እንደ መወልወያ እንጨት አይጨብጡት» እያለች አንድ ዓመት ሙሉ ታግሣኛለች። የጣት አሻራ ትቼ በሠራተኛ መዝገብ ላይ ስሜን የጻፍኩ ቀን እርስዎ ከቢሮዎ ወጥተው አጨበጨቡልኝ፤ እስክሪብቶም ሸለሙኝ። ስለ እስክሪብቶው ዛሬም አመሰግናለሁ። ይህን የምጽፈው በእሱ ነው።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ሣጥኖቹን በተመለከተ። ስድስቱ አዳዲስ ማይክሮስኮፖች ከመጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እንዳይሰበሩ ሠግተው፣ እንደታሸጉ በባለ መስታወቱ ቁም ሣጥን ቆልፈው፣ ቁልፉንም በኪስዎ ይዘው ስለሚጠብቋቸው ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ነገ ልጆቻችንን የሚያስተምሩት የባዮሎጂ ተማሪዎች ሦስት ዓመት ተምረው ሲመረቁ፣ በካርቶኑ ላይ የታተመውን ሥዕል በመስታወቱ በኩል አይተው ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ይሄዳሉ። እኔም በየሳምንቱ መስታወቱን ስለምወለውል ካርቶኖቹ ዛሬም አዲስ መስለው ይታያሉ። እንዲህ የተጠበቀ ዕቃ በአዳማ ከተማ ሌላ አላየሁም።

2ኛ. ሽንኩርቱን በተመለከተ። ባለፈው ሐምሌ ከቢሾፍቱ እስከ ኩየራ ካሉ ከተሞች አርባ የሳይንስ መምህራን ለአሥር ቀን ሥልጠና እንዲመጡ ተወስኖ ነበር። የመጡት አሥራ አራት ናቸው። ለሌሎቹ የተጻፈው ጥሪ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ሲከርም፣ ጠረጴዛውን ስወለውል አንሥቼ መልሼ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። አሠልጣኙ አቶ ጉደታ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ሊያሳዩ አስበው ገበያ ላኩኝ፤ ይዤ ስመለስም «ገለቶማ፣ እማማ» ብለው በኦሮምኛ በአክብሮት አመሰገኑኝ። ቁልፍ ሲፈለግ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሽንኩርቱ ማቆጥቆጥ ሲጀምር አቶ ጉደታ ተስፋ ቆርጠው በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣሉት፣ አሥራ አራቱም ገለበጡ፣ ሽንኩርቱን እንድወስደው ተፈቀደልኝ። ምስር ወጥ ሠራሁበት። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ከዚያ ሥልጠና በተግባር የተጠቀመ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ይህኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። በአሥረኛው ቀን እርስዎ ራስዎ አቴንዳንሱን፣ የሠልጣኞቹን የመገኘት መፈረሚያ፣ ይዘው ወደ እኔ መጡ። አርባ ስም፣ አሥራ አራት ፊርማ። «እማማ ዘመናይ፣ እጅዎ እንዴት እንዳማረ! እስቲ እነዚህን ባዶ ቦታዎች ይሙሉልኝ፤ ሪፖርቱ ዛሬ መሄድ አለበት» አሉኝ። አልተቆጡኝም፣ አላስፈራሩኝም። አስፈራርተውኝ ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አሞገሱኝ ብቻ። በዕድሜዬ ሙሉ ለጽሑፍ ሥራ የፈለገኝ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ። እጄን ታጠብኩ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንዱን አጋድሜ፣ አንዱን አቁሜ፣ አንዱን አድቅቄ፣ ሃያ ስድስት ሰው ሆኜ ፈረምኩ። የዋፊቃ ልፋት ለዚህ ዋለ።

በኅዳር የልጅ ልጄ ሊዲ የምትማርበት ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰበሰበ። ሊዲ ስምንተኛ ክፍል ናት። አንድ አባት ተነሥተው የሳይንስ መምህሩን «የሥልጠና ምስክር ወረቀትህ እዚህ ቢሮ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ማይክሮስኮፕ ምን እንደሆነ አያውቁም። ምንድን ነው የሠለጠንከው፣ ሶደሬ ዋና ነው?» አሉት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መምህሩ ጃዕፈር ይባላል፤ ከእርስዎው ኮሌጅ የተመረቀ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሲቀመጥ «እግርህን አንሣ» እያልኩ በሥሩ የጠረግሁ ልጅ ነው። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ እኔ ማይክሮስኮፕ ነክቼ አላውቅም። የሥልጠናው ጥሪ የደረሰኝ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ግን መጣልኝ። ማን እንደፈረመልኝ አላውቅም። ለመጪው ክረምት ልመዝገብ ብል፣ አንዴ ሠልጥነሃል ተብዬ ስሜ ተሰረዘ።»

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሰባተኛ ነበር፤ ከሁሉም አሳምሬ የፈረምኩትም እሱን ነው። ተነሥቼ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ቤት ስንደርስ ሊዲ «እማዬ፣ ቲቸር ውሸታም ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዝም ብለሽ አጥኚ» አልኳት። ከፊርማዎቹ ሁሉ የከበደኝ ይህ መልሴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሄጄ ተመልሻለሁ። መምህር ጃዕፈር፣ በአፌ ልነግርህ ስላቃተኝ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ልኬልህ በጽሑፍ እነግርሃለሁ፤ የፈረምኩልህ እኔ ነኝ። ቦታህን የወሰድኩብህም እኔ ነኝ። ሊዲ ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት አንብባዋለች፤ እኔው ነኝ የሰጠኋት።

ክቡር አቶ ወልደአማኑኤል፣ አዲሱ ሥልጠና የፊታችን ሰኞ እንደሚጀመር አይቻለሁ። እኔ ከሥራ እንደምሰናበት አስቤበታለሁ፤ ለእሱ አልለምንዎትም። የምለምንዎ የጃዕፈርና የሃያ አምስቱ ስም ወደ ዝርዝሩ እንዲመለስ፣ ቁልፉም ከኪስዎ እንዲወጣ ብቻ ነው። ለዚህ ስብሰባ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ስብሰባ እንደማይከብድዎ ስለማውቅ ተስፋዬ ታላቅ ነው።

ወለልዎን አንጽታ መዝገብዎን ያቆሸሸች፣
እስካለፈው ሐምሌ ድረስ ታዛዥዎ፣
ዘመናይ አብተው (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ይህን የጻፈላት ሌላ ሰው ነው ማለትዎ ስለማይቀር፣ ከላይ ያለውን ፊርማዬን በባለፈው ዓመት ፋይል ውስጥ ካሉት ከሃያ ስድስቱ ጋር ያስተያዩት። ካልለዩት ዋፊቃን ያስጠሩ፤ እጄን ታውቀዋለች። ሰኞ ካላሰናበቱኝ እመጣለሁ፤ ወለሉን እወለውላለሁ፣ ሽንኩርት ይግዙ ካሉኝም እገዛለሁ። አቴንዳንሱን ግን ወደ እኔ አያምጡት። ከእንግዲህ ከራሴ በቀር ለማንም አልፈርምም።