በላስቲክ ስለተሸፈነው የልብ መመርመሪያችን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፦

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወለል የሚያብረቀርቅ፣ የልብዎም ደም ሥሮች ለእርስዎ ብቻ እንደተከለለው የመኪና ማቆሚያ ክፍት እንደሆኑ ተስፋ በማድረግ፣ እኔ የልብ ምርመራ ክፍል ባለሙያዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

1ኛ. በቀጭን ቱቦ የልብ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ከውስጥ የሚያሳየውን አልትራሳውንድ ስላስመጡልን አመሰግናለሁ። የምረቃው ሪባን ሳይቆረጥ ማንም እንዳይነካው ብለው ቁልፉን ኪስዎ ስለከተቱት፣ ይኸው በስምንት ወሩም አንዲት ጭረት የለበትም። እንግዳ ሲመጣ እርስዎ ይከፍታሉ፣ እኔ ላስቲኩን ገልጬ አሳይቼ መልሼ አለብሰዋለሁ። በዚህ ሙያ እንኳ የሚስተካከለኝ የለም።

2ኛ. ሊፍታችንን የሚጠግነው ሰውዬ ደረቱን ጭምድድ እያደረገ ሲያስቸግረው፣ የልብ ደም ሥሩ ውስጥ ቀለም ጨምረን በኤክስሬይ አየነው፤ ደሙ ያለችግር ይፈስሳል። ኤክስሬይ ግን የመንገዱን ስፋት እንጂ ግድግዳው ውስጥ የተደበቀውን ስብ አያሳይም። ሐኪሙ ይህን ጠርጥሮ ቁልፉን በማመልከቻ ሲጠይቅዎ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍዎ «ከምረቃው በኋላ ይታይ» ብለው ስለመሩበት ምስጋናችን የላቀ ነው። መሣሪያው ከአልጋው ሁለት ክንድ ርቆ ቆሞ ነበር።

3ኛ. ይህኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። ሰውዬው ሸሚዙን እየቆለፈ፣ «ወንድሜ፣ እንግዲህ ደህና ነኝ ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መሣሪያውን በጀርባዬ ከልዬ «ምንም የለብህም፣ ሂድ ሥራህን ሥራ» አልኩት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁት እኔ፣ ያን ዕለት እንኳ ዝም ማለት አቃተኝ። በሃያኛው ቀን መፍቻውን እንደጨበጠ ሊፍቱ ሥር ሞቶ ተገኘ። አስከሬኑ ሲመረመር ያ የተደበቀ ስብ ፈንድቶ ደም ሥሩን ዘግቶት ነበር። አፈርኩ፣ ጌታዬ። ልጆቼን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ እውነትዎን ነው። ሆኖም ሰኞ ሁለት ሕሙማን ተራ ይዘዋልና፣ ቁልፉን ቢልኩልን ሪባኑን ከፈለጉ በየሳምንቱ እናስቆርጥዎታለን።

የላስቲክዎ ታማኝ አልባሽ፣
ፊቱን የት እንደሚያደርግ የጠፋው ባለሙያዎ

ማስታወሻ፦ ትናንት የሟቹ ባለቤት ስትመጣ፣ ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ዕቃ ክፍል ተደበቅሁ። ፈልጋ አገኘችኝና አመሰገነችኝ። ሌላ ሆስፒታል ቀጠሮ ይዛለት ነበር፤ እኔን አምኖ ሰረዘውና ሃያውን ሌሊት በሰላም ተኛ። ምስጋናዋ ለብቻዬ ስለከበደኝ፣ ግማሹን ለእርስዎ ልኬያለሁ።