በራችሁ ላይ ስለተሰቀለው ፊቴ

ለተከበሩ የከተማችን ውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ ከነመላው ቤተሰብዎ፣ ከነምክትሎችዎና ከነአዲሱ መኪናዎ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ሥራ የሌለው ሰው ብቻ በሚያገኘው ሰፊ ጊዜ፣ በታላቅ አክብሮት እጽፍልዎታለሁ። እኔን ለማስታወስ እንዳይቸገሩ፣ ከዋናው በር በላይ በተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ላይ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቃ የምትስቀው ልጅ ነኝ። ከአገጬ ሥር «ዕድል ሰጠናት፤ ሕይወቷ ተለወጠ» ተብሎ ተጽፏል። መኪናዎ በየጠዋቱ ከሥሬ ስለሚያልፍ፣ ከዘመዶቼ ይበልጥ የሚያዩኝ እርስዎ ነዎት።

ከድሃ ሰፈር የወጣን ወጣቶች እየተከፈለን ሥራ የምንለማመድበትን ፕሮግራም ስለከፈቱልን ምስጋናዬ የእውነት ነው። ክፍያው አንድም ጊዜ ዘግይቶ አያውቅም። ዲግሪዬን ይዤ በየቢሮው ደጅ ስጠና ለከረምኩት ለእኔ፣ የራሴ የምለው ወንበር ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። በመክፈቻው ዕለት እርስዎ ማይክሮፎን ይዘው «ጎበዝ የሆነ እዚሁ ይቀጠራል» ሲሉ፣ ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ጥቃቅን ቅሬታዎች ያንን ጭብጨባ እንደማያስረሱዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስሜ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነበረኝ፤ መሥሪያ ቤትዎ ግን በደግነቱ «ተለማማጇ» የሚል አዲስ ስም ሰጠኝ። «ተለማማጇ፣ ስልኩን አንሺው እንጂ!» «ተለማማጇ፣ እንግዶች መጥተዋል፤ ነይ ታሪክሽን ንገሪያቸው።» እንግዶችዎ ከታሪኬ አብዝተው የሚወዱት የቤታችን ጣሪያ የሚያፈስበትን ቦታ ስለነበር፣ ጣሪያው ከተጠገነ በኋላም ለእነሱ ስል እንዲያፈስ አደርገው ነበር። ጠረጴዛዬ ኮሪደሩ ላይ ነበር። የምሳ ሰዓት ሲደርስ የሥራ ክፍላችን ሰዎች «ኑ እንጂ፣ ረሃብ ገደለን» እየተባባሉ በአጠገቤ ያልፋሉ፤ ድምፃቸው ከደረጃው በታች እስኪጠፋ ድረስ አዳምጥና ምሳ ዕቃዬን እከፍታለሁ። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ክፉ ለመናገርም እኮ መጀመሪያ ሰውየውን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥራዬ። ያስቀመጡኝ የቅሬታ ስልክ ላይ ስለነበር፣ በከተማው ውሃ የጠፋበት ሰው ሁሉ እርስዎን ለመስደብ ሲፈልግ የሚሰድበው እኔን ነበር፤ ይህን አደራ በታማኝነት ተወጥቻለሁ። ከደዋዮቹ መካከል አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ቧንቧቸው ከተጠገነ በኋላም መደወላቸውን አልተዉም። «ውሃው መጥቷል ልጄ፤ አንቺስ ደህና ነሽ?» ይሉኛል። በዚያ ሁሉ ፎቅና በዚያ ሁሉ ሠራተኛ መካከል ደህና መሆኔን የጠየቀኝ ሰው ደንበኛ ብቻ መሆኑ፣ የደንበኞች አገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደተሳካ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ልምምዱ እንዳለቀ የተቀመጥኩበት ቦታ ክፍት ነው ተብሎ ማስታወቂያ ወጣ። እኔም እየሮጥኩ አመለከትኩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ፈገግ ብለው «የኔ ቆንጆ፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል» አሉኝ። እዚያው ወንበር ላይ መክረሜን ባስታውሳቸው «እሱማ ልምምድ ነው፤ እንደ ሥራ አይቆጠርም» አሉ። ስድባቸውን ያወረዱብኝ ሰዎች ግን እንደ ሥራ ቆጥረውት ነበር። ከዚያ «ተስማሚ ሰው አልተገኘም» ተባለና ሌላ ተለማማጅ ተቀመጠችበት። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ የሰፈራችን ልጅ ናት። አሁን የምታጨበጭበው እሷ ናት።

የሚቀጥለውን በቁጥር ለማስቀመጥ እጄ እንቢ ብሎኛል። እናቴ በአንድ ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ፎቶዬ ከተሰቀለ ጀምሮ ከአውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀድማ እየወረደች በእናንተ በር በኩል በእግሯ ትሄድ ነበር፤ የሥራ ጓደኞቿንም እያመጣች «ይቻትላችሁ» ትል ነበር። ይህችን ሴት «ወጥቻለሁ» ብዬ እንዴት ልንገራት? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የቢሮ ልብሴን ለብሼ፣ ምሳዬን ይዤ እወጣና ሌላ የምሄድበት ስለሌለኝ፣ እሷ በበሩ ካለፈች በኋላ ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ ተቀምጬ ከራሴ ፎቶ ጋር ተፋጥጬ እውል ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ሲብስብኝ በሩ ሥር ተጠለልኩ። አዲሱ ጥበቃ «እዚህ መቆም ክልክል ነው፣ እህቴ» አለኝና ቀና ብሎ ፎቶውን አየ፤ መልሶ እኔን አየ።

«እህትሽ ናት እንዴ?»

«አዎ» አልኩት።

«ታድላ!» አለኝ።

የዚያን ዕለት ለእናቴ ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ አንዱን ጫማ በእጇ እንደያዘች «አንቺ ከሌለሽበት፣ ፎቶሽ እዚያ ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። የከተማውን ቅሬታ ሁሉ ስመልስ የኖርኩት ሴት ይህንንም ጥያቄ እንደ ቅሬታ መዘገብኩት። እናቴ አሁን በሌላ መንገድ ነው ወደ ሥራዋ የምትሄደው።

ስለዚህ፣ ክቡርነትዎ፣ ጥያቄዋን ለእርስዎ አስተላልፋለሁ። ወይ የሠራነውን ሥራ እንደ ሥራ ቆጥራችሁ፣ እኔና ከእኔ በኋላ የመጣችው ልጅ ለወንበራችን እንደ ማንኛውም ሰው እንድንወዳደር ፍቀዱልን፤ ወይ ደግሞ ፊቴን ከበራችሁ አውርዱልኝ። «ቅሬታዎ ደርሶናል፤ ስለ ትዕግስትዎ ከልብ እናመሰግናለን» የሚለውን መልስ ለመላክ ግን እንዳይደክሙ አደራ። እሱን የጻፍኩላችሁ እኔ ነኝ፤ ምንም ማለት እንዳልሆነም ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ከበርዎ በላይ የምስቀው፣ ከበርዎ ውስጥ ግን እንዳልገባ የተከለከልኩት፣ ሕይወቴን ስለለወጡልኝ ምስጋናዬ የማያልቅ፣

የቀድሞ ተለማማጅዎ

ማስታወሻ፦ ምናልባት እንግዶችዎ «ይህች ልጅ እንዴት ከልቧ ብትስቅ ነው?» ብለው ከጠየቁዎት መልሱን ልንገርዎት። ያን ዕለት ሳቅ እንቢ ብሎኝ ፎቶ አንሺውን አስቸግሬው ነበር። በመጨረሻ «እስቲ ሥራ አስኪያጁ ‹ቀጥረንሻል› እንዳሉሽ አድርገሽ አስቢ» አለኝ። አሰብኩ።